የአክስቴ አፍንጫ ሆኜ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርት ያቆምኩት ከሰባተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ቢኖር፣ የአረቄው ድፍድፍ የተጠነሰሰበት ቀን እንዳይጠፋኝ በሩ ላይ በከሰል የማሰምረው መስመር ብቻ ነው። ሰው ፊት ረዘም አድርጎ መናገርም አይሆንልኝም። ወረቀት ግን ዓይን የለውም፤ እስቲ ልሞክር ብዬ ነው።

ትናንት እዚህ ሐሙሲት፣ ከቤቴ ጓሮ ቁጭ ብዬ መዳቡን በሎሚና በአመድ እያሸሁ ነበር። መዳቡ የምለው አረቄ ሲወጣ የሚጠራቀምበትን ሆደ ሰፊ፣ አንገተ ቀጭን ዕቃ ነው። አንድ ጎኑ ተጨርምቷል። ሎሚው ሲነካው ከአመዱ ሥር ቀይ ብርሃን ብቅ አለ፤ ተከትሎም ያ ጠረን መጣ። ሳንቲም ጨብጦ የቆየ እጅ የሚለውን ይላል። ያ ጠረን ሲመጣ እኔ ሐሙሲት አይደለሁም። ደብረ ታቦር፣ አክስቴ ማድ ቤት ውስጥ ነኝ።

መዳቡ የእሷ ነበር። ሰው ከየት አመጣሽው ሲላት «የጋፋት ሥራ ነው፤ ከመድፉ የተረፈ» ትል ነበር፣ ሳትስቅ። ለእኔ ግን ባሕር ዳር ገበያ እንደገዛችው ነግራኛለች።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ባሏ ሞቶባታል፤ ልጅም አልነበራትም። ሰው ሁሉ አፉን ሸፍኖ በሚሄድበት በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ አባቴም ከገጠር አምጥቶ እሷ ዘንድ አስቀመጠኝ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት እኔ አልተመለስኩም። ዕድሜዬ ከክፍሌ ልጆች ገፋ ያለ ስለነበር እነሱ መሀል መቀመጥ ያሳፍረኝ ነበር። አገር ቤት ደግሞ የሚጠብቀኝን አውቃለሁ፤ አባቴ ቃል የገባለት፣ እኔ ግን ፊቱን አይቼው የማላውቅ ሰው። ስለዚህ ማድ ቤቱን ወደድኩት።

ጥዋት ጥዋት ደብረ ታቦር ይበርዳል። ጉሙ በበሩ ሾልኮ ይገባና ከባሕር ዛፉ ጭስ ጋር ይደባለቃል፤ አንዱን ከአንዱ መለየት ያስቸግራል። አክስቴ የዳጉሳውን ቂጣ ጥቁር እስኪል ትጋግራለች፤ ከብቅሉና ከጌሾው ጋር በጋን ትጠነስሳለች። ድፍድፉ ሲደርስ በትልቅ ማሰሮ እሳት ላይ ትጥደዋለች። ከክዳኑ የሚወጣው ሸምበቆ ዘቅዘቅ ብሎ መዳቡ አንገት ውስጥ ይገባል። መጋጠሚያውን ሁሉ በሊጥ ትመርጋለች። መዳቡ ቀዝቃዛ ውሃ በሞላው ገበቴ ውስጥ ይቀመጣል፤ ውሃው ለብ ሲል እቀይራለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው። እሳቱ ከበዛ ድፍድፉ ከሥር ያርርና አረቄው ጭስ ጭስ ይላል። አንዴ ከተመረገ ደግሞ ከፍቶ ማየት የለም። የሚደርስበት አፍንጫ ብቻ ነው።

የአክስቴ አፍንጫ በሰፈሩ የታወቀ ነበር። ከመንገድ ላይ ሆና የማን ቤት ጠላ እንደኮመጠጠ ትናገራለች ይሏት ነበር።

በዚያው ዓመት ግን ታመመች። ሁለት ሳምንት ተኝታ ተነሣች። ከተነሣች በኋላ አንድ ቀን ውሃ ቀድቼ ስገባ ምድጃው ሥር ቁጭ ብላለች፤ ከፊቷ ያለው ሽንኩርት ከሰል ሆኗል፤ ቤቱ በጢስ ታፍኗል። እሷ እኔን አይታ ፈገግ አለች።

«እትዬ፣ ሽንኩርቱ» አልኳት።

ቁልቁል አየችው። ድስቱን አነሳችና እስከ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«ከታመምኩ ወዲህ ነው» አለች። «ይመለሳል ብዬ ነበር።»

በሩን ከፈትኩት፣ ጢሱ ይውጣ ብዬ።

«ለማንም እንዳትተነፍሺ። አፍንጫ የሌላት አረቄ አውጪ ማን ይቀምስላታል? አንቺንም ነገውኑ አገር ቤት ነው የምሰድሽ፤ በምን አኖርሻለሁ?»

«እኔ ደግሞ መቼ ለማን ተናግሬ አውቃለሁ?»

ሳቀች። እውነቷን ነበር የሳቀችው፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አፍንጫዋ እኔ ሆንኩ። ከመዳቡ ጠብታ በጣቷ ላይ ታደርግና አፍንጫዬ ሥር ታመጣዋለች። «ምን ምን ይላል?» ትለኛለች። መጀመሪያ «ጥሩ ነው» እላት ነበር።

«ጥሩ ምን ይባላል? ጥሩ ሁሉም ጥሩ ነው። ምን ምን ይላል?»

አፌን ያስፈታችኝ በዚህ ነው። እንጨት እንጨት ይላል። ዝናብ የነካው ድርቆሽ ይላል። የበሰለ ኮክ ይላል፣ ኋላ ላይ ግን ውሃ ውሃ ይላል። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትሰማኛለች፤ አንዳንዴም «እ፣ ገባኝ። እንጨቱን ቀንሺለት» ትላለች። ሰው ያን ያህል ሰምቶኝ አያውቅም ነበር።

ሰው ሲኖር ግን ያው ነበርኩ። መለኪያውን አስቀምጬ መውጣት ነው። አንድ ጡረተኛ ወታደር ነበሩ፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከደጃፉ አግዳሚ አይጠፉም።

«ይቺ ልጅ ምላሷን አገር ቤት ረስታው ነው የመጣችው?» ይላሉ።

«በሚቀጥለው መኪና ይልኩላታል» ይላሉ አጠገባቸው የሚቀመጡት አናጺ።

ነገሩ የመጣው አናጺው በጥር ልጃቸውን ሊድሩ የሠርጉን አረቄ አክስቴን ያዘዟት ጊዜ ነው። ሠርጉ አምስት ቀን ሲቀረው፣ እኛ እያወጣን ሳለ፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ብርድ ስለነበር አክስቴ ማድ ቤት አስገባቻቸው። እነሱ በሩ አካባቢ፣ ንፋስ በሚመላለስበት ተቀመጡ። እሷ እሳቱ ሥር፣ እኔ ደግሞ ሸምበቆው ከክዳኑ በሚጋጠምበት በኩል ነበርኩ። ሽማግሌዎቹ የሙሽራውን ዘር መቁጠር ይዘዋል።

በዚህ መሀል ከምርጊቱ ስንጥቅ አንድ ቀጭን ነገር መጣብኝ። ቆሎ ሲያር የሚለውን ይላል። አወቅሁት።

ሽማግሌ ሲናገር ልጅ አያቋርጥም፤ ይሄ አንድ ነው። የባሰው ግን ሌላ ነበር። ድፍድፉ አረረ ብል፣ እሳቱ ሥር የተቀመጠችው ባለቤቷ እንዴት አልሸተታትም ይላሉ። ያን ጊዜ ሁሉም ይወጣል። አክስቴን አየኋት፤ የእንግዶቹን ጨዋታ እየሰማች እንጨቱን ወደ ውስጥ ገፋ አደረገችው። እኔም ውሃውን ቀየርኩ። አንዴ ቀይሬ እንደገና ቀየርኩት። ሽታው ወፈረ። ሽማግሌዎቹ ሰባት ቤት ቆጥረው እስኪነሡ ዝም አልኩ።

ከወጡ በኋላ ነገርኳት። መዳቡን አውጥታ በእጄ ላይ አንጠባጠበችልኝ። መናገር አላስፈለገኝም፤ ፊቴን አየችው። የቀኑ ሁሉ ልፋት በዚያ ዕቃ ውስጥ ነበር።

«ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺ እንዴት አልሸተተሽም እንዳይሉሽ ብዬ።»

እሳቱን ጎተተችና ውሃ አፈሰሰችበት፤ ሽሽሽ አለ።

«ለእኔ ብለሽ ነዋ ያሳረርሽው» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ እኔም ሳላስበው አብሬያት ሳቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የሳቅሁ አይመስለኝም።

ያረረውን ጡረተኛው ወታደር ወሰዱት፤ ጉልበታቸውን ሊያሹበት። በማግስቱ ሲመጡ ጉልበታቸው ሳይሆን አፋቸው ጭስ ጭስ ይል ነበር።

ከጋኑ የቀረ ድፍድፍ ስለነበር እስኪነጋ ሳንጠብቅ እንደገና ጣድን። ከእንግዲህ ሰው ባለበት ሲሸተኝ የውሃ መቅጃውን ቅል ገልብጬ እንዳስቀምጥ ተስማማን፤ እሷ ታይና እሳቱን ትቀንሳለች። የወጣውን ደግማ አወጣችው። ዳገም ሆነ፤ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት አለ።

ለሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው አናጺው ሊቀምሱ መጡ፤ ሽማግሌዎቹም ወታደሩም ነበሩ። በእኛ አገር መጠጥ የሠራ ሰው መጀመሪያ ራሱ ፉት ብሎ ነው ለሌላ የሚሰጥ። አናጺው ግን ጨዋታ አማራቸው። ከኪሳቸው ትንሽ ጠርሙስ አወጡ፤ ከሌላ ሴት ቤት የመጣ ነው። ከእሱ አንድ መለኪያ፣ ከእኛም አንድ መለኪያ ቀዱና ሁለቱን አክስቴ ፊት ደረደሩ።

«በሉ የአፍንጫ እመቤት፣ የትኛው ነው የእርስዎ?»

ሁሉም ሳቁ። አክስቴም ሳቀች። በቀኝ እጇ በኩል ያለውን አንስታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። እጇ እዚያው ቆመ። እኔ ከበሩ ሆኜ አየኋት። የሚገለበጥ ቅል አልነበረም፤ ቢገለበጥም የትኛው የእኛ እንደሆነ አይናገርም።

እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። ሽማግሌዎቹን አቋርጬ አጠገቧ ደረስኩና መለኪያውን ከእጇ ተቀበልኳት። አሸተትኩት። ሌላኛውንም አነሳሁ።

«ይሄ የእኛ ነው» አልኩ። «ኮክ ኮክ ይላል። ያኛው ጌሾ በዝቶበታል፤ ድፍድፉም ከሥሩ ይዟል።»

ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

«መኪናው ደረሰላት» አሉ ወታደሩ።

«አፍ አላት እኮ» አሉ አናጺው፤ ሁለቱንም ቀምሰው ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ደግሞ ልክ ናት።»

«አፍ ብቻ መሰልዎት?» አለች አክስቴ። «እሷ አፍንጫዬ ናት።»

ሁሉም ሳቁ፤ ቀልድ መስሏቸው ነው። እሷ ብቻ አልሳቀችም። እጄን ከሥር ያዘችው።

ከዚያ በኋላ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ እኔን ይጠይቅ ጀመር፤ እኔም እመልስ ጀመር። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን። አባቴም ቃል ስለገባለት ሰው ማንሣቱን ተወው።

አንድ ቀን አክስቴ መዳቡን በሎሚ አሽታ፣ አጥባ፣ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ልትመነኩስ ነው። «ያሰከርኩትን ሰው ሁሉ በስሙ እየጠራሁ ልጸልይለት ካልኩ ዕድሜዬ አይበቃኝም፤ ቶሎ ልጀምር» አለች። ጣራ ገዳም ሄደች፤ እዚያ ካሉ እናቶች ጋር በአንዲት ጎጆ ገባች። እኔም መዳቡን ይዤ እህቴ ወዳለችበት ሐሙሲት መጣሁ። አሁን የራሴ ቤት፣ የራሴ ጋን አለኝ። የማታወራው ልጅ የሚለኝ የለም።

ባለፈው ክረምት ሊወጣ ሲል ልጠይቃት ሄድኩ። በጽጌ ጾም ማረፏን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። የሄድኩ ቀን ከስታ ነበር፤ ቆቧ ሰፍቷታል። «እማሆይ፣ እንዴት ከረሙ?» ብዬ ጉልበቷን ስስም «ምን ሆነሻል፣ እትዬ በዪኝ እንጂ» አለችኝ። ከጎጆዋ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ ከዛፎቹ ይንጠባጠባል፤ ጠብታው መዳቡ ውስጥ አረቄ ሲወርድ እንደሚሰማው ነበር።

«ሁለት ዓመት እዚህ ተቀምጬ ጫካው ምን እንደሚል አላውቅም» አለች። «ምን ምን ይላል?»

ዓይኗን ጨፈነች። ነገርኳት። ጥዱ ሎሚ ሎሚ ይላል፣ ግን ደረቅ ነው አልኳት። ከሥሩ ያለው ቅጠል ጥንስስ ይላል፣ በሦስተኛው ቀን ጋኑን ስንከፍተው የነበረውን። ድንጋዩ ብረት ብረት ይላል። ከታች የሚያርስ ሰው አለ መሰል፣ የተገለበጠ አፈር ይመጣል፤ ከእሱ ኋላ ደግሞ አንድ ጣፋጭ ነገር አለ፣ ስሙን የማላውቀው አበባ። እሱም ሲያልቅ የእሷን ነጠላ ነገርኳት፤ ፀሐይ ፀሐይ ይላል አልኳት። ያን ያህል ረጅም ተናግሬ አላውቅም። ከታች ከመንገዱ የሚኒባስ ጥሩምባ ተሰማ።

ዓይኗን ሳትከፍት ጉንጬን ዳሰሰችኝ።

«በይ በቃ፣ ሸተተኝ» አለች። «አሁን ሂጂ የኔ ዓለም፣ መኪናው እንዳያመልጥሽ።»