ማርሽ አልገባ ያላት ማኪና

የያዙኝ መካነ ብርሃን መድኃኒት አድርሼ ስመለስ፣ ወለቃን አልፌ ጎንደር ልገባ ስል፣ ኬላ ላይ ነው። ማኪናዋ የመሥሪያ ቤቴ ፒካፕ ነበረች፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የነዳኋት እኔ ነኝ። ከኋላ የጫንኩት ባዶ ካርቶን ብቻ ነበር። ዳባት ላይ ግን አንድ እግሩን በጨርቅ የጠቀለለ ሰው አሳፍሬ አምባ ጊዮርጊስ አውርጄ ነበር። እንዴት እንዳወቁ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

«ማን ነው?» አሉኝ።

«አላውቀውም። ሲያነክስ አይቼ አሳፈርኩት።»

ቁልፉን ከእጄ ወሰዱ። ከወንበሩ ላይ ነጠላዬን እንዳነሳ ስጠይቃቸው አልፈቀዱልኝም።

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። እህሉ ከወጣ ቆይቷል፤ የነቀዝ መድኃኒቱ ሽታ ግን ሲሚንቶው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ጠዋት ስንነሳ ጉሮሯችን ይከረክረናል። መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው ከቆርቆሮው ሥር ባለችው የእጅ ስፋት ክፍተት ነው። ሴቶቹ አሥራ አንድ ነበርን። ከጎኔ የሚተኙት የትክል ድንጋይ ጠላ ሻጭ ነበሩ፤ ልጃቸው የት እንደገባ ንገሩን ተብለው የመጡ ትልቅ ሴት ናቸው። እማማ እላቸው ነበር። ሲሚንቶው የት ጋ እንደሚረጥብና የት ጋ እንደማይረጥብ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው።

የያዙን ሰዎች ሹፌር ማኪና በማይነዳበት ሰዓት በሩን ይጠብቃል። ሽንት ቤት የሚያወጣን እሱ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ ሃምሳ ሲል ጨረስንም አልጨረስን እንወጣለን። እድሜው ከእኔ አያንስም፣ አርባ ይሆነዋል። ሲቆጥር ፊቱ ላይ ሳቅ የለም፤ ሥራዬ ብሎ ነው የሚቆጥረው።

በየጠዋቱ ማኪናዬን ከግድግዳው ማዶ እሰማታለሁ። የሞተሯን ድምፅ የትም ብትሆን እለየዋለሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት ደህና ነበረች። ከዚያ ለመነሳት አንደኛ ማርሽ ሲያስገቡ ክርርር ማለት ጀመረች። ወደ ኋላ ሲመልሷት ደግሞ ብረት ከብረት ሲፋጭ ጥርሴን ያመኛል። ሹፌራቸው በጉልበት እየገፋ ነው የሚያስገባው።

«ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አሉኝ እማማ አንድ ቀን ፊቴን አይተው።

«ማኪናዬን እየገደሏት ነው።»

«እኛንስ ምን እያደረጉን ነው ልጄ» አሉና ዞረው ተኙ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ሹፌሩ በሩን ከፍቶ «ሹፌሯ፣ ውጪ» አለኝ። ግቢው ውስጥ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ። ፒካፗ አፍንጫዋን ወደ በሩ አድርጋ ቆማለች፤ የግራ መስታወቷ ተሰብሯል። አለቃቸው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል።

«ማኪናዋን ምን አድርገሽ ነው የሰጠሽን?»

«አልሰጠኋችሁም» አልኩት። «ወስዳችኋት ነው።»

ሹፌሩ ከኋላዬ መጥቶ በጥፊ መታኝ። ጆሮዬ እስኪመለስ ድረስ አለቃው ጠበቀኝ። ከዚያ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ዘረጋልኝ። አንድ ገጽ ሙሉ ተጽፎበታል። ማኪናዋ ለጸጥታ ሥራ እንዳትውል ሆን ብዬ ካምቢዮዋን እንዳበላሸሁ፣ ይህንንም ያደረግሁት ያ እግሩ የተጠቀለለው ሰው ልኮኝ እንደሆነ ይናገራል። ካምቢዮ ማርሾቹ ያሉበት ሳጥን ነው። እኔ በሕይወቴ ካምቢዮ ከፍቼ አላውቅም።

«ፈርሚ።»

«መጀመሪያ ልያት። ካምቢዮዋ ከሆነ ያኔ ይጠይቁኝ።»

ሹፌሩ ሳቀ። «ሴት ስለ ካምቢዮ ልትነግረን ነው።»

አለቃው አልሳቀም። ሰዓቱን አየ። ስምንት ሰዓት ላይ እሱና ሹፌሩ ወደ አዲ አርቃይ መነሳት ነበረባቸው፤ ሌላ ማኪና ደግሞ ግቢው ውስጥ አልነበረም። «ግማሽ ሰዓት አለሽ» አለኝ።

እጄ ከፊት ለፊት በካቴና ታስሯል። ታስሬ ማርሽ መቀየር እንደማልችል ነገርኳቸው። ቀኝ እጄን ፈትተው ግራዬን ከመሪው ጋር አሰሩት። ሹፌሩ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አድርጎ ከጎኔ ተቀመጠ። ወንበሩ የእኔን ቁመት ረስቶታል፤ ወደ ኋላ ተገፍቶ ፔዳሉ ላይ ለመድረስ ጫፉ ላይ መቀመጥ ነበረብኝ።

ሞተሩን ሳላስነሳ ፍሪሲዮኑን ረግጬ ማርሾቹን አንድ በአንድ አስገባኋቸው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ እስከ አምስተኛ፣ ከዚያ የኋላው። ሁሉም ቅቤ እንደሚቆርጥ ቢላ ገቡ። ከዚያ ሞተሩን አስነሳሁና አንደኛን ሞከርኩ። ክርርር አለች። የኋላውን ስሞክር የማርሽ ማንሻው መዳፌን መትቶ መለሰኝ።

«አየሽ? ካምቢዮ ነው» አለ ሹፌሩ።

አጎቴ የጭነት ማኪና ሹፌር ነበር፤ መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። ሞተር ጠፍቶ የሚገባ፣ ሞተር ሲነሳ የማይገባ ማርሽ ጥፋቱ የማርሹ አይደለም ይል ነበር። ማርሹን ከሞተሩ የሚለየው ፍሪሲዮኑ ነው፤ እሱ አልለይ ካለ ማርሽ ይፋጫል። ፔዳሉን በእግሬ ሞከርኩት። ላልቷል፤ ግማሽ መንገድ ድረስ ባዶውን ይወርዳል። ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ረገጥኩትና ማርሹን አስገባሁ። ድምፅ ሳያሰማ ገባ፤ ጥፋቱ የፍሪሲዮኑ ነው።

«ኮፈኑን ክፈትልኝ» አልኩት።

ከመሪው ፈትቶኝ ሁለቱንም እጄን መልሶ አሰረና ወረድን። የፍሪሲዮኑ ዘይት መያዣ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ናት፤ ክዳኗ በትክክል አልተገጠመም ነበር። ከፈትኩት። ከክዳኑ ሥር ያለው ላስቲክ አብጦ፣ እንደ ረጠበ ወረቀት ተጨማዷል። ውስጡ ጥቁርና ወፍራም ዘይት አለ። ጣቴን ነክሬ አሸተትኩት። የሞተር ዘይት ነው። እዚያ የሚገባው የፍሬን ዘይት ነው፤ ቀጭንና ንጹሕ ነው። የሞተር ዘይት የገባበት ላስቲክ ያብጣል፣ ከዚያ አይዝም።

ሹፌሩ ጣቴን እያየ ነበር። ማን እንደጨመረው ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ወደ ሞተሩ አጎንብሶ፣ አለቃው እንዳይሰማው፣ «ካምቢዮ ነው በይ» አለኝ። «ካምቢዮ ነው ካላልሽ እዚህ ግቢ ውስጥ የምታድሪበትን አሳይሻለሁ።»

ያን ጊዜ የፍሬኑን ዘይት መያዣ ከፈትኩ። እሱም ሞልቷል። ከላይ ጥቁር ዘይት ተንሳፍፏል፤ ላስቲኩ ማበጥ ጀምሯል።

የሆነውን ልደብቅ አልፈልግም። ክዳኑን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ከደባርቅ በኋላ ሊማሊሞ አለ። ያን ቁልቁለት ስንት ጊዜ እንደወረድኩት አላውቅም፤ አንዱን ጠመዝማዛ ሳትጨርሺው ሌላው ይመጣል፣ ፍሬን እየጋለ ይሄዳል፣ ከጥርጊያው ጠርዝ በታች ያለው ገደል ነው። በዚህ ዘይት ግማሹን ላይወርዱት ይችላሉ። ካምቢዮ ነው፣ ቀስ ብላችሁ ንዱት ብል ይሄዱ ነበር። አለቃውና ሹፌሩ። እጄ ላይ ካቴና አለ፣ ጉንጬ ገና ይግላል፣ ክዳኑን መግጠም ብቻ ነበረብኝ። ደስ የሚል ሐሳብ ነበር። ከዚያ ሐሳቡ ወደ መንገዱ ወረደ፤ ቅዳሜ ነበር፣ ከገበያ የሚመለሱት ሴቶች በዚያ ጠመዝማዛ ጠርዝ ጠርዙን አህያ እየነዱ ይወጣሉ። ፍሬን ያጣ ማኪና ገደሉ ጋ ከመድረሱ በፊት ማንን እንደሚያገኝ አይመርጥም።

«ካምቢዮዋ ደህና ናት» አልኩ፣ አለቃው እንዲሰማ። «ፍሪሲዮኗ ውስጥ የሞተር ዘይት ገብቷል። ፍሬኗም ውስጥ ገብቷል። ይህቺ ማኪና ዛሬ ሊማሊሞን አትወርድም።»

አለቃው ስንጥሩን ጣለና ተነሳ። «ልታስቀሪን ነው።»

«እንደፈለጋችሁ አስቡት። ወደ ጋራዥ ወስዳችሁ ክዳኑን ብቻ አሳዩ።»

መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየ። ጣቱን ነከረ፤ አሸተተ፤ ሱሪው ላይ ጠረገው። ሹፌሩ ጫማውን ይመለከት ነበር።

«ማን ነው የጨመረው?» አለኝ አለቃው።

«ስነዳት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ማን እንደጨመረው አላየሁም።»

«ታውቂያለሽ።»

«ሲጨምር ያየሁት ሰው የለም።»

ለሹፌሩ አዝኜ አልነበረም። እነሱ ፊት የሰው ስም መጥራት አንዴ ከጀመርኩ የት እንደማቆም ስለማላውቅ ነው።

አለቃው ወንበሩ ጋ ተመልሶ ተቀመጠና ወረቀቱን ደግሞ ዘረጋልኝ። ጥፋቱ የዘይቱ መሆኑን አሁን በዓይኑ አይቷል። እንደዚያም ሆኖ «ፈርሚ» አለኝ። ያን ቀን ካየሁት ሁሉ የገረመኝ ይህ ነው። እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ከጽሑፉ በታች በቀረችው ባዶ ቦታ፣ በታሰረ እጅ ጻፍኩ፦ «ካምቢዮዋ ደህና ናት። ፍሪሲዮኗና ፍሬኗ ውስጥ የሞተር ዘይት ተጨምሮባቸዋል። ላስቲካቸው ሳይቀየር አትነዳ።» ከሥሩ ስሜን ከነአባቴና ከነአያቴ አስፍሬ ፈረምኩ።

አነበበው። ለሁለት ቀደደው፤ ደግሞ ለአራት። ከማኅደሩ ሌላ ወረቀት አወጣ፣ ባዶ። «እኔ የምልሽን ጻፊ።»

ያንኑ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ቀደደው። ሦስተኛ ወረቀት ሰጠኝ፤ ያንኑ ጻፍኩ። ሦስተኛውን አልቀደደውም። አጥፎ ኪሱ ከተተውና «መልሳት» አለው ሹፌሩን።

ወደ መጋዘኑ ስንሄድ ሹፌሩ አልመታኝም። እማማ ጥቁር ጣቶቼን አይተው የነጠላቸውን ጫፍ ሰጡኝ። እንዳይበላሽባቸው እንቢ አልኩ። «ጥረጊ» አሉኝ። «እኔ ጋ ምን ሸጋ ነገር ቀርቶ ነው።»

ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ሞተሩ አልተነሳም። በማግስቱ ከግድግዳው ማዶ የማናውቀው ሰው ድምፅና የብረት ኳኳታ ሰማን። በሦስተኛው ቀን ማኪናዋ ወጣች፣ ማርሿ ዝም ብሎ እየገባ። ሹፌሩ ከዚያ ወዲህ ሽንት ቤት ስንወጣ እስከ ሠላሳ ብቻ መቁጠር ጀመረ። ሴቶቹ ምን እንደተለወጠ አላወቁም፤ እኔ አወቅሁ፣ ለእማማ ብቻ ነገርኳቸው። «እንግዲህ ቶሎ መሽናት ነው» አሉኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ለቀቁኝ። ክስ አልነበረም፣ ይቅርታም አልነበረም። እማማን ከእኔ በፊት ወስደዋቸው ነበር፤ የት እንደወሰዷቸው አላውቅም። ትክል ድንጋይ ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ቤታቸው ተዘግቷል፤ ጎረቤት ሊያናግረኝ አልፈለገም።

ወደ መሥሪያ ቤቴ አልተመለስኩም። አሁን የሰው የጭነት ማኪና እነዳለሁ፤ ከዳባት ድንች፣ አንዳንዴ ወደ አዲ አርቃይ ሲሚንቶ። እህቴ ነገሩን ስነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ምነው ዝም ብትይ?» አለችኝ። ስለ ገበያተኞቹ ነገርኳት። «እነሱስ?» አለች። «ላሰሩሽ ሰዎችም አሰብሽላቸው?»

አላሰብኩላቸውም። ሲያልፉ ባይ ዛሬም ፊቴን አዞራለሁ፤ ይቅር ብያለሁ ብል ውሸት ነው። እየጠላኋቸው ነው የነገርኳቸው። እህቴ ይሄ አይገባትም፤ ባነሳሁት ቁጥር ትቆጣለች፣ እኔም ማስረዳቱን ትቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ሲሚንቶ ጭኜ ሊማሊሞን ስወርድ ከመጀመሪያው መታጠፊያ በፊት ቆሜ ፍሬኔን ፈተሽኩ። ሦስት ሴቶች አህያ እየነዱ ወደ ላይ ይወጡ ነበር። አንዷ ቆማ «ምነው፣ ተበላሸብሽ?» አለችኝ።

«የለም፣ ደህና ናት» አልኳት። እስኪያልፉ ጠብቄ ተነሳሁ።