ብርድ ነው ብለው ጉም አስገቡ

ኸዲጃን ቁጡ ናት ይሏታል። ምን ታድርግ! የመካነ ሰላም መድኃኒት መጋዘን ጠባቂ ሆና፣ ዓይኗ እያየ መድኃኒት ሲበላሽ ዝም ብትል ነው ጨዋ የምትባለው?

የከላላ ገበሬ ልጅ ናት። ጅዳ ሄዳ ስምንት ዓመት አንድ ሆስፒታል ስትጠርግ ኖራለች፤ ድርሻዋም የአየር ማቀዝቀዣው ሞተር ሲጮህ የሚውልበት ክፍል ነበር። እዚያ አንድ ግብጻዊ መካኒክ ሁለት ቴርሞሜትር ጎን ለጎን ሰቅሎ ያሳያታል፤ አንዱ ደረቅ፣ አንዱ ጫፉ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ።

"ደረቁ ሙቀቱን ብቻ ነው የሚነግርሽ" ይላታል። "እርጥቡ ግን አየሩ ከነእርጥበቱ የተሸከመውን ሁሉ ይነግርሻል። ኢንታልፒ የምንለው ይሄንን ሸክም ነው። የውጭው ከውስጡ ካነሰ ክፈቺለት፣ በነጻ ያቀዘቅዝልሻል። ከበለጠ ዝጊበት!"

ስድስተኛ ክፍልን ያልጨረሰች ሴት ይቺን በልቧ ይዛ አገሯ ገባች፤ የመጋዘኑን ሥራም አገኘች።

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት በጋ መጋዘኑ አዲስ ማቀዝቀዣ ተተከለለት። ውጭው ከውስጡ ሲቀዘቅዝ የአየር መግቢያው ክዳን በራሱ ይከፈታል። በጥር ደረቅ ብርድ እሰየው ነበር። ሐምሌ ሲገባ ግን ከዓባይ ሸለቆ የሚነሳው ጉም ከተማውን ዋጠው፤ ክዳኑም ብርድ መጣልኝ ብሎ ተበረገደ። ካርቶኑ ሁሉ ላበ።

ኸዲጃ ከሻሿ ጫፍ ቀደደች፤ አርሳ ከመጋዘኑ ሁለት ቴርሞሜትር በአንዱ ላይ ጠቀለለች። ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ውስጡ በደረቁ አሥራ ስምንት፣ በእርጥቡ አሥራ ሁለት። ውጭው በደረቁ አሥራ አምስት፣ በእርጥቡም አሥራ አምስት! እንግዲህ ሸክሙ የበዛው የቱ ነው? ይሄን ለማወቅ ዲግሪ ያስፈልጋል?

ወደ ኃላፊው ሄደች። "አቶ ንጉሡ፣ ይስሙኝ እስቲ። ጉሙ ሲወርድ ክዳኑ መዘጋት አለበት። ማሽኑ የውስጡን አየር ብቻ እያዞረ ያቀዝቅዝ።"

ንጉሡ ሳቀባት። "ደጋ ተቀምጠን ብርድ በመብራት እንሥራ ነው የምትይኝ? ብርድ ብርድ ነው። ደግሞ አውቶማቲክ ነው፣ ካንቺ ያውቃል።"

ፋርማሲስቱ ወንድማገኘሁ ግን መጥቶ ሁለቱንም ቴርሞሜትር አነበበ። "እውነትሽን ነው" አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እሷም በማግስቱ ጉሙ እስኪገለጥ ክዳኑን በገመድ ጠፍራ አሰረችው። እንዲህ እያደረገች ሰነበተች፤ ካርቶኑም ደረቀ።

ታዲያ ተመሰገነች? ኧረ ተዉኝ! ግምገማ ተጠራባት እንጂ። የዚያ ዘመን ግምገማ እንደምታውቁት ነው፤ ሠራተኛው ተሰብስቦ የአንዱን ጥፋት ይዘረዝራል፣ የተከሰሰውም ተነስቶ ራሱን ይወቅሳል። "መንግሥት የተከለውን አውቶማቲክ በገመድ አሰረች፤ ጸረ ልማት ናት" ተባለ። ግለ ሂስ አድርጊ አሏት።

"የሌለብኝን ጥፋት ወላሂ አልናገርም!" አለች። "ወንድማገኘሁ በዓይኑ አይቷል። ይናገር!"

ወንድማገኘሁ የእስክሪብቶውን ክዳን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ከመጋዘን ትነሳ የምትሉ እጅ አውጡ ሲባል፣ እጁን አወጣ። የተማረ ሰው! እያወቀ! ኸዲጃ የንጉሡን ድንቁርና ችላ ነበር፤ የዚህን እጅ ግን እስከ ዛሬ ባሰበችው ቁጥር ደሟ ይፈላል።

ቁልፉን ተቀብለው በር ጥበቃ ላይ መደቧት። ገመዱ ተፈታ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጉሙ እንደ ልቡ ገባ። እሷ ከበሩ ሆና ክዳኑ ሲከፈት በሰማች ቁጥር ጥርሷን ታፋጫለች፤ የሚሰማት የለም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ በከላላ ገጠር ሕፃናቱን ተቅማጥ ያዛቸው። ሙሉሐረግ የምትባል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጭቃውን ስትዳክር በቅሎ ስባ መጣች፤ በውኃ ተበጥብጦ ለሕፃን የሚሰጠውን ዱቄት፣ ኦ አር ኤስ ፈልጋ። ወንድማገኘሁ ካርቶን ቢከፍት የወረቀቱ ፓኬት እጁ ላይ ተበጣጠሰ፤ ዱቄቱ ጓል ሆኗል፣ ቡናማ ሆኗል። ሁለተኛውም ያው፣ አሥረኛውም ያው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይሄ ነው።

ንጉሡ ወደ በሩ መጣ። "ኸዲጃ፣ አንቺ የአገሯ ልጅ ነሽ" አላት። "ዱቄቱ መበላሸቱን እስቲ በዘዴ ንገሪያት። ዝናቡ የአላህ ነው በያት።"

"ዝናቡ የአላህ ነው!" ጮኸች። "ክዳኑን ያስከፈትከው ግን አንተ ነህ!"

እስከዚያች ቀን "እርስዎ" እንጂ አንተ ብላው አታውቅም። ክንዱን ይዛ እየጎተተች ከበቅሎዋ ፊት አቆመችው።

ሙሉሐረግ መጫኛውን ፈታ ትጠብቃለች። "አሥራ ሁለት ሕፃን ወድቆብኛል፣ ጌታዬ" አለችው። "ስንት ካርቶን ልጫን?"

ንጉሡ ክንዱን ሊያስለቅቃት ታገለ።

"ንገራት!" አለች ኸዲጃ።