ጥናታችን ዱቡሻ ሲወጣ

ኢሜይሉን ያነበብኩት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ዓሳ ጥብስ ፊቴ ቀርቦ ነው። አንድ የሕክምና መጽሔት እግር ለሚያሳብጠው የዝሆኔ በሽታ የሞከርነውን ቅባት ጥናት ሊያትምልን ነው! ጮህኩ። አስተናጋጇ እሾህ ጉሮሮዬን የወጋኝ መስሏት ውሃ ይዛ ሮጠች።

የመጨረሻው አንቀጽ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረበት። የእያንዳንዱ ታካሚ መረጃ፣ ስሙ ተፍቆ፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ሲጠይቁ ሊሰጥ ይገባል ይላል። እኛ ደግሞ ደጋው ላይ፣ ገረሴ፣ ታካሚዎቹን ስናስፈርም «መረጃችሁ ከእጃችን አይወጣም» ብለናል። እነሱ ካልፈቀዱ ያ ሁሉ የዓመታት ልፋት መሳቢያ ውስጥ ሊቀር ነው። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው እንደገና እንድንጠይቃቸው ሲፈቅድልን ወደ ደጋው ገሰገስን።

ጤና ኬላው ውስጥ በር ዘግተን፣ አንድ በአንድ እየጠራን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ማስረዳት ጀመርን። ምስጢር መጠበቃችን እኮ ነው! የገባው ሁሉ «አይሆንም» እያለ ወጣ።

በር ላይ ተቀምጠው የነበሩ ሽማግሌ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ደህና ነገር ከሆነ ምን ያንሾካሽካችኋል?»

እኔ የጋሞ ልጅ ሆኜ ይህን መርሳቴ! የሁሉም የሆነ ጉዳይ የሚነገረው በአደባባይ፣ ሕዝቡ በሚመክርበት ሜዳ፣ ዱቡሻ ላይ ነው። በር ተዘግቶበት የሚጠየቅ ነገር ተንኮል አያጣውም ይባላል። በራሴ እየሳቅሁ ሽማግሌውን ወደ ዱቡሻው ተከተልኳቸው፤ ሕዝቡ ሣሩ ላይ ተሰበሰበ። ቆሜ በጋሞኛ፣ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ስማችሁ ይፋቃል፤ ሌላ አገር ያለ ሐኪም የሚያየው እግራችሁ እንዴት እንደነበረና እንዴት እንደሆነ ብቻ ነው፤ እምቢ ያለ ሰው ሕክምናው አይቀርበትም አልኩ።

ዳር ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እናት ተነሡ። ጠዋት በሩ ተዘግቶ ስጠይቃቸው እምቢ ብለውኝ ነበር። ስማቸውን ከነአባታቸው ተናገሩና ቀሚሳቸውን ገልጠው እግራቸውን ለሁሉም አሳዩ።

«ይህን እግር ደብቄ፣ ገበያ እንኳ ሳልወጣ ነው ያረጀሁት። እዚያ ማዶም እንደኔ ቤቷ የተደበቀች አለች?»

«አለች፣ እናቴ።»

«እንግዲያው ውሰዱላት።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ገብቶኝ አያውቅም። ሌሎቹም ተከትለው ተነሡ። ከዚያ የፈለገ ሁሉ እየመጣ ለየራሱ ፈረመ፤ እኔም በደስታ እስክሪብቶ ሳቀብል ዋልኩ።

እኚያ እናት ፈርመው ሲጨርሱ ግን ቅር ብሏቸው አዩኝ።

«ስሜን ለምን ትፍቂዋለሽ? እኔ እኮ ተደብቄ ጨርሻለሁ።»

ደንብ ነው አልኳቸው። ጽሑፉ ሲታተም ስማቸው የለበትም፤ እዚህም አልጻፍኩትም። ማወቅ የፈለገ ገረሴ ይሂድና ራሳቸውን ይጠይቅ፤ አሁን ከገበያ አይጠፉም።