ከጥጉ የቆረጥኩት ማኅተም

ይህን ለነፍስ አባቴም ተንፍሼው አላውቅም። አሁን ለእናንተ ስጽፈው እንኳ በሩን ሁለቴ ዘግቼ፣ ደግሞ ተነስቼ መዘጋቱን አይቼ ነው።

ጭሮ ውስጥ የሥዕል አስተማሪ ነኝ። ከሰባት ዓመት በፊት ለስምንተኛ ክፍሎች ጃፓኖች ሥዕልን እንጨት ላይ ቀርጸው እንዴት እንደሚያትሙ አስተማርኩ። በእንጨት ፈንታ የአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል አስቀረጽኳቸው። “ጃፓኖች ጥጉ ላይ ቀይ ማኅተም ያሳርፋሉ፤ ሥራው የእኔ ነው ማለት ነው። እናንተም የየራሳችሁን ሥሩ” ያልኩት እኔ ነኝ። እኔው!

ፎዚያ የምትባል የሚኤሶ ልጅ ነበረች፣ አክስቷ ዘንድ ሆና የምትማር። የቆመ የጭነት መኪና ጥላ ሥር የተኛ ግመል አተመች። ጥጉ ላይ የማኅተሟ ትንሽ ቀይ ጨረቃ። ሳየው ቀናሁ። አዎ፣ በተማሪዬ ቀናሁ።

በዚያው ሰሞን የአካባቢው የሥዕል መምህራን ሥራቸውን አቅርበው አንዱ አዲስ አበባ ለሥልጠና ይላካል ተባለ። እኔ ምን ላቅርብ? ማውራት እንጂ መሥራት አይሆንልኝም። የፎዚያን ግመል ወሰድኩ። ጨረቃዋን በመቀስ ቆረጥኩ፤ በሌላው ጥግ የእኔን ማኅተም አሳረፍኩ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማሁም? ኧረ አቦ፣ ሰምቻለሁ! ሰምቼ ነው የቆረጥኩት።

ሥራው አዳራሽ ተሰቅሎ ፎዚያ አየችው። ሌባ ልትለኝ ነው አልኩ። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ቲቸር፣ የኔ ማኅተም ሥራውን አበላሽቶት ነው እንዴ የቀየሩት?” አለችኝ።

“አዎ” አልኳት።

“ወላሂ አላወቅኩም፣ ይቅርታ።”

እሷ እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ! ተመርጬ አዲስ አበባ ሄድኩ። እሷ ከዚያ ወዲህ ሥዕል አልነካችም፤ ዓመቱ ሲያልቅ ሚኤሶ ተመለሰች።

ዘንድሮ ታናሽ እህቷ ሐያት ክፍሌ ገባች። ባለፈው ሳምንት ያው ትምህርት ደረሰ፤ ልጆቹ ሁሉ ማኅተም ሲቀርጹ እሷ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ለምን እንደማትሠራ ጠየቅኳት።

“እህቴ፣ ማኅተም እንዳታደርጊ፣ ሥራ ያበላሻል ብላኛለች፣ ቲቸር።”

አሁንም እውነቱን አልነገርኳትም። ደወሉ ተደወለና ወጣሁ።

ልጅነት ነበር፣ ድህነት ነበር አልልም። ይቅር በሉኝም አልልም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ቅዳሜ ሚኤሶ ልወርድ አስቤአለሁ፤ ደጇ ስደርስ እግሬ እንዳይከዳኝ እፈራለሁ። ከከዳኝ ግን እናንተ እንኳ እወቁት፤ ግመሉ የፎዚያ ነው።