የአባቴ ክንድ ዛሬ ሥራ ጀመረ

ነርሷ መርፌውን የአባቴ ክንድ ላይ ስትሰካ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። «ግለጪው፣ ደሙ በደንብ እየሄደ ነው» አለችኝ እየሳቀች።

ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ወዲህ ዲያሊሲስ የሚያደርገው አንገቱ ላይ በገባ ቱቦ ነበር። እንዳያመረቅዝ ስለምንፈራ ገላውን እንኳ እንደ ልቡ ሳይታጠብ ከረመ።

በኋላ ሐኪሞቹ ክንዱ ላይ ደም ቅዳውንና ደም መልሱን በቀዶ ጥገና አገናኙለት። ፊስቱላ ይሉታል። ሥሩ እስኪጠነክር «ይሠራ ይሆን?» እያልን ጠበቅን።

(ሺንሺቾ ያለችው አክስቴ «ፊስቱላ ተሠራለት» ብዬ ስደውልላት «ወንድሜ መቼ ወልዶ ነው ፊስቱላ የሚይዘው?» ብላ ጮኸችብኝ። ለማስረዳት ያየሁት አበሳ!)

ከሆስፒታል ወጥተን ወደ ሌሞ ስንመለስ አባቴ የባጃጁን ሹፌር ሳይቀር ክንዱን አስነካው። «ይኸው፣ ደሙ እንደ ሞተርህ ይርገበገባል!» ሹፌሩ ደንግጦ እጁን ሰበሰበ፤ አባቴ በሳቅ ፈረሰ። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ቆይቻለሁ።

የአንገቱ ቱቦ በቅርቡ ይወጣለታል። «ያን ቀን ውሃው እስኪያልቅ ነው የምታጠበው» ብሎናል።

ቤታችሁ ዲያሊሲስ የሚያደርግ ሰው ያላችሁ፣ የመጀመሪያው የክንድ መርፌ ቀን እንዴት ነበር? ጻፉልን፤ አባቴ «አንብቢልኝ» ብሎ አጠገቤ ተቀምጧል።