አሥር ደቂቃ ከሱቁ ደጃፍ

ቁጡ ነኝ፤ አልክድም። ቢቸና ውስጥ ጂኦግራፊ ሳስተምር ስለኖርኩ ተማሪዎቼም፣ ባልደረቦቼም፣ የሻይ ቤቱ ባለቤትም ይህን ያውቃሉ። ሞጣ ያሉት አባቴ ግን ከሁሉም ቀድመው አውቀውታል። «አንተ ስትወለድ ያለቀስከው እንደ ሌላው ልጅ አይደለም፤ ተቆጥተህ ነው» ይሉኛል። እሳቸው የእኔ ተቃራኒ ናቸው። ሞጣ ገበያ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ ሲሸጡ፣ ደንበኛ ጣቃውን ሁሉ አስዘርግቶ ሳይገዛ ሲሄድ እንኳ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም። አያታቸውም እዚያው ገበያ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ሆኖም አንዳንድ ሰው ስማቸውን ይሰማና «አገርዎ የት ነው?» ይላቸዋል። «እዚሁ» ይላሉ ቀስ ብለው፤ ጣቃቸውን ይጠቀልላሉ፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። እኔ ብሆን አያልቅም ነበር።

በምሥራቅ ጎጃም ስለ ዌልስ ራግቢ አስተያየት ያለው ሰው ከእኔና ከአባቴ ሌላ ካለ እጁን ያውጣ። ነገሩ የጀመረው ታናሽ ወንድሜ ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ ለኳስ ብሎ ያስገባውን ዲሽ ለአባቴ ትቶላቸው በመሄዱ ነው። አባቴ ኳስ አይወዱም። «ሳይነኩት እየወደቀ የሚንፈራገጥ ጎልማሳ ማየት ያሳፍረኛል» ይላሉ። አንድ ቅዳሜ ከቢቸና በሚኒባስ ገብቼ፣ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል አብረን ተቀምጠን እሳቸው ሪሞቱን ሲነካኩ ጣቢያው ተቀየረና ቀይ የለበሱ ግዙፍ ሰዎች ጭቃ ውስጥ ተቃቅፈው ሲገፋፉ መጡ። ኳሷ እንኳ ክብ አይደለችም፤ ቅል ነው የምትመስለው። «ይቀይሩት፣ ምን ጉድ ነው ይኸ?» ስል አባቴ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙኝ። ዐይናቸው ማልያው ላይ ነበር።

«ይኸ ቀይ ጥሩ ማቅለሚያ ነው» አሉ። «ይኸን ሁሉ ጭቃና ዝናብ ችሎ አልለቀቀም።»

ቡድናቸውን የመረጡት እንዲህ ነው፤ በጨርቅ ነጋዴ ዐይን።

ዌልስ እስከዚያ ቀን ድረስ ለእኔ በካርታ የማሳያት የድንጋይ ከሰል አገር ነበረች። ትንሽ፣ ዝናብ የማይለያት፣ ከሕዝቧ በጓ የሚበዛ፣ ትልቅ ጎረቤት አጠገቧ የተቀመጠ። ይህን ለአባቴ ሳስረዳቸው የበለጠ ወደዷት። እንደ እውነቱ ከሆነ እኛ ማየት ከጀመርን ወዲህ ሲያሸንፉ ያየናቸው ለስም ያህል ነው። ግን ሲሸነፉ ተመልካቹ ይዘምራል። ሲሸነፉ እኮ ነው! ሽማግሌው ከሕፃኑ፣ ሴቱ ከወንዱ፣ ዝናብ እየወረደበት ይዘምራል። እኛ ስንሸነፍ መጀመሪያ የምንፈልገው ዳኛው የሚወጣበትን በር ነው። እነዚህን ሰዎች ከልቤ ነው የማደንቃቸው፤ ማሸነፍማ ማንም ያሸንፋል።

ከደንባቸው ደግሞ አንዱ በጣም ገረመኝ። ኳሷን በእጅ ወደ ፊት መስጠት ክልክል ነው፤ የምትሰጠው ወደ ኋላ ብቻ ነው። የተቀበለው ግን ይዟት ወደ ፊት ይሮጣል። ይህን ሳይ ቢሮዎቻችን ትዝ አሉኝ። እኛም ፋይል ወደ ኋላ እናቀብላለን፤ ከኃላፊው ወደ ባለሙያው፣ ከባለሙያው ወደ መዝገብ ቤት። ልዩነቱ ተቀብሎ የሚሮጥ አለመኖሩ ነው። ይህን ስል አባቴ ሳቁና «አንተስ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለህም?» አሉኝ። ያላረምኩት የፈተና ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

አባቴን የማረካቸው ግን ዳኛው ነው። ዳኛው ቀጭን ሰው ነው፤ በሬ የሚያክሉት ተጫዋቾች ግን አይጮኹበትም። ከቡድኑ አንድ ሰው፣ አምበሉ ብቻ፣ ቀርቦ በትሕትና ይናገራል፤ የቀረው አፉን ይዘጋል። ያጠፋው ቢጫ ካርድ አይቶ ከሜዳ ይወጣና አሥር ደቂቃ ወንበር ላይ ይቀመጣል። «የድሮ ሽምግልና ነው» አሉ አባቴ፤ «ተናጋሪ ይመረጣል፣ ሌላው ያዳምጣል።» ከዚያ ወዲያ እቤት ውስጥም ደንብ ወጣ። ቴሌቪዥኑ ላይ ከጮኽኩ ቅጣቴ አሥር ደቂቃ ውጭ ነው። ፀጉሬ ሸብቷል፣ የልጆች አባት ነኝ፤ ቢሆንም አባቴ የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ሲሰጡኝ ጫማዬን አድርጌ ከሱቁ ደጃፍ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። አላፊ አግዳሚው «ምነው በደህና?» ሲለኝ «ቅጣት ላይ ነኝ» እላለሁ። ሰፈሩ ለምዶታል።

ቢቸና ላይ ግን ሰዓት ፈትቶ የሚሰጠኝ ሰው የለም። ባለፈው ዓመት ስለ ትምህርት ቤታችን ውኃ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ሰብሳቢው ንግግራቸውን አስረዘሙት። እኔ ሆዬ ተነሥቼ «ከእርስዎ ቧንቧው ይሻላል፤ እሱ ሲደርቅ ዝም ይላል» አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ጀግና የሆንኩ መሰለኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ። የቀረው ሰዓት በሙሉ የእኔ ሥነ ምግባር የሚነሣበትና የሚወድቅበት ሆነ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ውኃው ሳይነሣ ስብሰባው ተበተነ። በማግስቱ ልጆቹ እንደ ወትሮው ጀሪካን ተሸክመው ሲመጡ ከክፍሌ መስኮት አየኋቸውና አፈርኩ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የሚባለው ለእኔ ነው፤ ልዩነቱ እኔ ያሳጠርኩት በልጆቹ መሆኑ ነው።

ዘንድሮ ደግሞ የሜዳው ነገር መጣ። ከትምህርት ቤታችን ጎን ያለው ሜዳ ላይ ሱቆች ይሠሩ የሚል ሐሳብ ቀረበና ሕዝብ ይወያይበት ተባለ። ሱቅ መጥፎ ነው አልልም፤ የነጋዴ ልጅ ነኝ። ግን ያ ሜዳ ከሄደ በዚያ ሰፈር ልጅ የሚሮጥበት ሌላ ደልዳላ መሬት የለም። በአንድ ስብሰባ የሚያልቅ ነገር ስለሆነ፣ ያን ቀን ካበላሸነው ተበላሸ ማለት ነው።

እኛ መምህራን አስቀድመን በማረፊያ ክፍላችን ተሰበሰብን። ስለ ዌልስ ራግቢ ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁ። አንድ አምበል እንምረጥ፤ እሱ ብቻ ይናገር፤ ሌላው ምንም ቢሰማ ምንም ቃል አይተንፍስ አልኳቸው። በጣም ወደዱት። እኔም ኮቴን አስተካክዬ ምርጫውን ጠበቅሁ። የሜዳውን ሰነድ ያሰባሰብኩት እኔ፣ ፊርማውን ያስፈረምኩት እኔ፣ ደንቡን ያመጣሁት እኔ። የስፖርት መምህሯን መረጡ። እጅ ሲያወጡ ወደ እኔ ቀና ብሎ ያየ አልነበረም።

መምህሯ ከወላይታ ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ ቅላጼው ግን የእኛ አይደለም። ድምፅዋ ቀጭን ስለሆነ ሜዳ ላይ የምትግባባው በፊሽካ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ፤ አመመኝም። ይህችን ልጅ አዳራሹ ይውጣታል አልኩ ለራሴ። ሰነዱን ግን ሰጠኋት። «አንብቤ እመልስልዎታለሁ፣ ጋሼ» ብላ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሰብሳቢው ያው የቧንቧው ሰውዬ ናቸው። ሐሳቡን ሲያቀርቡ ሜዳው ሥራ ፈት መሬት ስለሆነ ለልማት ይዋል አሉ። አምበላችን እጇን አውጥታ ተነሣች። ገና ሰላምታዋን ሳትጨርስ ከፊት ወንበር አንድ ጎልማሳ ወደ ኋላ ዞር ብለው «ከሌላ አገር መጥታ ስለ ቢቸና መሬት ልታስተምረን ነው እንዴ?» አሉ። አንዳንዱ ሳቀ።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ቆሜ ነው ራሴን ያገኘሁት። አዳራሹ ዞሮ አየኝ፤ ሰብሳቢውም ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉ፤ የአምናው ሊደገም ነው ብለው መሰለኝ። ሰውዬውን ልክ የሚያስገባ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ እስከ ዛሬም አልረሳሁት። መምህሯ ግን ወደ እኔ ሳትዞር መዳፏን ከፍ አደረገች፤ ሜዳ ላይ ተማሪዎቿን የምታስቆመው እንደዚያ ነው። ጀሪካኖቹ ትዝ አሉኝ። ቃሌን ዋጥኩና ተቀመጥኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል።

«አዎ፣ ከሩቅ ነው የመጣሁት» አለች። «ስመጣ የማውቀው ሰው አልነበረም። ሰው ያወቅሁት ሜዳው ላይ ቆሜ ነው። ሲነጋጋ ሐኪም ተራመዱ ያላቸው አባቶች ይዞራሉ፤ ዙሩን የምቆጥርላቸው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ገበያተኛ አህያውን እዚያ ያሳርፋል። በደመራ ችቦ፣ በዒድ መስገጃ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ባለፈው ክረምት ያረፈችው የጽዳት ሠራተኛችን ግቢ ስላልነበራት የለቅሶዋ ድንኳን የተተከለው እዚያ ነው። ሜዳው ሥራ ፈትቶ ያየሁበት ቀን የለም።»

ከዚያ ወደ ፊት ወንበር ዞር አለችና ድምፅዋን ሳትለውጥ ሰውዬውን ጠየቀቻቸው። «እርስዎ ትናንት ሰባት ዙር ዞረው ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን አላየሁዎትም። ደኅና ነዎት?»

አሽሙር አልነበረም፤ ከልቧ ነው የጠየቀቻቸው፤ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ሰውዬው አንገታቸውን ደፉ። «ጉልበቴን ትንሽ ይዞኝ ነው፣ ልጄ» አሉ። እኔ ልጥላቸው ተነሥቼ ነበር፤ እሷ ደኅንነታቸውን ጠይቃ አስቀመጠቻቸው።

መጨረሻ ላይ ሰብሳቢው በዐይናቸው ፈልገው አገኙኝና «መምህር፣ ዛሬ ምንም አይሉም?» አሉ።

«ተናጋሪያችን እሷ ናት» አልኩ።

ሰብሳቢው ፈገግ ብለው ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። ቂም ሊይዙብኝ ይችሉ የነበሩት ባለሥልጣን ያን ቀን በሕዝብ ፊት ሐሳባቸውን ቀየሩ፤ ይህን ደግሞ ቀላል አድርጌ አላየውም። ሱቆቹ መናኸሪያው በኩል ይታሰብላቸው፣ ሜዳው ባለበት ይቆይ ብለው ቃለ ጉባኤ አስያዙ። ስንወጣ መምህሯ ሰነዴን በሁለት እጇ መለሰችልኝ።

ቅዳሜ ሞጣ ገባሁ። ዌልሶች እየተጫወቱ ነበር፤ እንደ ልማዳቸው እየተመሩ። አባቴ ትራሳቸውን አጋሩኝና ሁለታችንም ዐይናችንን ስክሪኑ ላይ ተክለን ታሪኩን መናገር ጀመርኩ። የማረፊያ ክፍሉ ምርጫ ላይ ስደርስ እስኪያስላቸው ሳቁብኝ። ቀጠልኩ። ሰውዬው ከፊት ወንበር ዞረው «ከሌላ አገር መጥታ» ያሉት ላይ ደረስኩ።

«እና የማን አገር ነው?» ብለው ጮኹ አባቴ።

ድምፁ የሳቸው አልመሰለኝም። ሪሞቱ ከእጃቸው ወደቀ። ከሱቁ በኩል ጨርቅ ትመርጥ የነበረች ሴት አንገቷን አስግጋ አየችን። እኔ ደነገጥኩ። በሕይወቴ ሙሉ አንድ ጊዜም ሰምቼው የማላውቀው ቁጣ እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። «እዚሁ» እያሉ ጣቃቸውን የጠቀለሉበት ቀን ሁሉ አብሮ ተጠቅልሎ ኖሯል። ከማን እንደወረስኩት ያን ጊዜ ገባኝ።

አባቴ ጥቂት ተነፈሱ። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሡ፤ ጫማቸውን አጠለቁ፤ የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው በመዳፋቸው ያዙና ወጡ።

እኔ ብቻዬን ቴሌቪዥኑ ፊት ቀረሁ። ዌልሶች ሌላ ነጥብ ተቆጠረባቸው፤ ተመልካቹ መዝሙሩን አነሣ። መቀመጥ አልሆንልህ አለኝና ተከትያቸው ወጣሁ። ደረጃው ላይ፣ እኔ በምቀመጥበት ቦታ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ይግቡ፣ አባዬ፤ ይበቃል» አልኳቸው።

ሰዓታቸውን አዩ።

«ገና አራት ደቂቃ አለብኝ» አሉ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።