የእትዬ አንጓች ግድግዳ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርሁም። በየጾሙ ተንበርክኬ ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህችን አንዷን እየዘለልሁ ከሃያ ዓመት በላይ ኖርሁ። ሚስቴ ሳታውቀው ሞተች፤ ልጆቼም አያውቁትም። አንተ የምታነበው ሰው ግን ፊቴን አታየውም፣ እኔም ፊትህን አላየውም። ስለዚህ ላንተ እነግርሃለሁ። ድምፄን ዝቅ አላደርግም። አውቄ ያደረግሁትን ነገር አውቄ እናገረዋለሁ።

ሰዓሊ ነኝ። አባቴ በጎንደር ካሉት አድባራት ባንዱ ሲያገለግሉ የኖሩ ደብተራ ነበሩ፤ ሥዕል ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ሰዉ እኔንም ደብተራ ይለኛል። የቅዱሳን ልብስ ምን ቀለም እንደሚሆን፣ እጃቸው ወዴት እንደሚዘረጋ ገና ሳላድግ አጥንቻለሁ። ከሁሉ በፊት የተማርሁት ግን የዓይንን ነገር ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። ይሁዳና ሰይጣን፣ ሰማዕታትን የሚገድሉት ወታደሮችም በጎን ይሣላሉ፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ይህ የእኛ የሰዓሊዎች ሥርዓት ነው። ምእመኑ ሥዕሉን ይሳለማል እንጂ ይህን ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጎንደር ውስጥ ሱቅ የሚከፍት ሰው በዛ። ልብስ ሰፊው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ጠጅ ቤቱ፣ ሁሉም ታፔላ ይፈልጋል። ከቤተ ክርስቲያን ሥራ በተረፈኝ ጊዜ ታፔላ እሠራ ነበር። መቀስ ሥዬ ከሥሩ «ልብስ ሰፊ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ፊደልህ ያምራል ይሉኛል። በከተማው ሥዕል የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

እትዬ አንጓች ከትክል ድንጋይ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ቅዳሜ ገበያ አጠገብ የአያ መኳንንትን ቤት ተከራይታ ጠላ ትሸጥ ነበር። አያ መኳንንት የእህል ነጋዴ ነው፤ በሰፈሩ የተከበረ፣ ስሙ እንዲነካ የማይወድ ኩሩ ሰው። አንድ ዓመት የመስቀል ሰሞን እትዬ አንጓች ክረምቱ የበላውን የፊት ግድግዳዋን በጭቃ ለቀለቀችና ሥዕል ሣለችበት።

እኔ የሰማሁት ከሰው ነው። «የጠላ ሻጯን ግድግዳ አይተኸዋል?» ይሉኛል። ማንበብ እንኳ የማትችል ሴት ምን ትሥላለች ብዬ ናቅሁት። አንድ ቅዳሜ ጧት ግን በዚያ ሳልፍ የተሰበሰበው ሰው መንገዱን ዘጋብኝና ቀና ብዬ አየሁ።

ግድግዳው ላይ ያለው መንገዱ ራሱ ነበር። ገበያተኛው በቀይ አፈር፣ በከሰል፣ በአመድና በቅጠል ጭማቂ ተሥሎ ከዳር እስከ ዳር ይጓዛል። እንስራ ያዘለች ሴት ጎንበስ ብላ ትሄዳለች። ከአምባ ጊዮርጊስ የሚመጣው አውቶቡስ ጣሪያው ላይ ጆንያና ዶሮ ጭኗል። ጃንጥላ የያዙ ቄስ ጭቃውን ለመዝለል ቀሚሳቸውን ሰብስበዋል። በቅሎ የሚስበው ረጅም ሰው አያ መኳንንት መሆኑን ለማወቅ ስም አያስፈልግም፤ አንድ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ መሄዱ ይበቃል። ሰዉ ራሱን እየፈለገ ይስቃል። አንዲት ውኃ ቀጂ ራሷን አገኘችና የተሣለውን ጀርባ በጣቷ ነካ አድርጋ «እንዲህ ነው የምጎብጠው?» አለች።

በዚያ መንገድ ዕድሜዬን ሙሉ ተመላልሻለሁ። እኒያ ቄስ ጭቃ ሲዘሉ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ሥዕል ይሆናሉ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከተማው ተለወጠብኝ። በርበሬ ሻጮች ክምራቸውን የሚደረድሩበት መላ፣ አናጢው በር ላይ የሚቀርጸው ሐረግ፣ የበቅሎው ኮርቻ ላይ የተሰፋው ቀይ ጨርቅ፣ ሁሉም ሥዕል ሆኖ ታየኝ። ሰው እጁ በደረሰበት ሁሉ እንደሚያስጌጥ ያሳየችኝ እሷ ናት። እና እኔ ምን መለስሁላት?

ሰዉ መሐል ቆሜ አይታኝ ወጣች። «ደብተራ፣ እስቲ ይዩልኝ። አንቱ የተማሩ ነዎት፤ የተሳሳትሁት ካለ ይንገሩኝና አቃናዋለሁ» አለችኝ።

የሚጓዙት ሰዎች ሁሉ በጎን መሣላቸውን ያን ጊዜውኑ አይቻለሁ። ሥርዓቱን ብነግራት በአንድ ቀን ታስተካክለው ነበር። «ሸጋ ነው» ብቻ ብያት ሄድሁ።

አንድ የጠጅ ቤት ባለቤት የፊት ግድግዳውን እንድሥልለት ቃል ገብቶልኝ ነበር። በሳምንቱ አስጠራኝ። «አትቀየመኝ፤ ሥራውን ለእትዬ አንጓች ልሰጣት ነው። ያንተም መልካም ነው፤ የሷን ግን ሰው ቆሞ ያየዋል» አለኝ።

በማግሥቱ ከቅዳሴ ስንወጣ አያ መኳንንትን ጠበቅሁት። ንዴት ላይ አልነበርሁም፤ ይህን ልብ በልልኝ። ተረጋግቼ፣ ቃሌን መርጬ ነው የጠበቅሁት።

«አያ መኳንንት፣ ሥዕልህን አይተኸዋል?»

«እንዴታ። ሸጋ አድርጋ አውጥታኛለች።»

«ስንት ዓይን ሰጠችህ?»

ግራ ገባው። ወደ ውስጥ መልሼ ወሰድሁትና የሐሙሱን እራት ሥዕል አሳየሁት። «ይህ በጎን የተሣለው ማነው?» አልሁት። «ይሁዳ» አለኝ። «ሐዋርያቱስ ስንት ዓይን አላቸው?» አልሁት። ቀረብ ብሎ ቆጠረ። ፊቱ ሲጠቁር ቆሜ አየሁ። «እኔ ምንም አላልሁም» ብዬ ተለየሁት።

ብዬ ነበር እንጂ። ሁሉንም ብዬ ነበር። ሥርዓቱን እንደማታውቅ አውቃለሁ። የሚሄድን ሰው ከመንገድ ዳር ሆኖ የሚያይ በጎኑ ካልሆነ በምን ያየዋል? ይህንንም አውቃለሁ። የተማርሁትን ዕውቀት ወስጄ አንዲት ሴት ላይ ድንጋይ አድርጌ ወረወርሁት። የወረወርሁት እኔ ነኝ።

በሁለት ቀን ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ ዓይን ይቆጥር ጀመር። ሲስቁ የነበሩት ሰዎች ተቆጡ፤ የቄሱም ዓይን አንድ መሆኑ ነገሩን አባባሰው። አያ መኳንንት ደጇ ላይ ቆሞ «በገዛ ቤቴ ላይ ይሁዳ አድርገሽ ሣልሽኝ?» አላት።

«ኧረ በማርያም፣ አያ። ስትሄድ እንዳየሁህ ነው የሣልሁህ» አለችው። ከዚያ ከሰዉ መሐል እኔን ፈልጋ አገኘችኝ። «ደብተራ አይተውታል። ሸጋ ነው ብለውኛል። እስቲ ይንገሩልኝ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። እኔ ግን መሬት መሬት እያየሁ «የማውቀው የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት ነው» አልሁ።

ግድግዳውን በገዛ እጇ ፍቃ ጭቃ መረገችበት። ወሩ ሳያልቅ ዕቃዋን በአህያ ጭና ከሰፈሩ ወጣች። ወዴት እንደሄደች አልጠየቅሁም።

የጠጅ ቤቱ ሥራ ወደ እኔ ተመለሰ። ምን የሣልሁበት ይመስልሃል? የእሷን መንገድ ነው። አውቶቡሱን፣ ቄሱን፣ ውኃ ቀጂዋን አንድ በአንድ ሣልሁ፤ ልዩነቱ ለሰዎቹ ሁለት ሁለት ዓይን መስጠቴ ብቻ ነው። ሰዉ ቆሞ አየው። የከተማውን ሰው እንዳለ የሚያወጣ ሰዓሊ ተባልሁ፤ ዛሬም የምታወቀው በዚያ ግድግዳ ነው። የማን እንደሆነ ለማንም አልተናገርሁም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለሥራ ወደ ደባርቅ ስሄድ አውቶቡሱ አምባ ጊዮርጊስ ለምሳ ቆመና አንድ ጠላ ቤት ገባሁ። ባለቤቲቱ እትዬ አንጓች ነበረች። ፀጉሯ ሸብቷል። እንደ ዘመድ ደስ ብሏት እጄን አስታጠበችኝ። ግድግዳዋ ባዶ ጭቃ ነው።

«ምነው እትዬ፣ ሥዕሉን ተውሽው?» አልኋት።

«ተውሁት። ያኔ ሳላውቅ ሰው በድዬ የለ? የክርስቶስን ወገኖች በይሁዳ አምሳል ሣልሁ። ለነፍስ አባቴ ተናዝዤ ንስሐ ሰጡኝ፤ ብዙ ሰገድሁበት። ከዚያ ወዲህ እጄን አላነሣሁም።» ጠላዬን ቀዳችና ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረችልኝ። «አንቱ ሐሰት መናገር አልሆንልዎ ብሎ ነው ያልመሰከሩልኝ። አልተቀየምሁዎትም።»

ሹፌሩ ገና እየበላ ነበር። ጊዜ ነበረኝ። ጠላዬን ጠጥቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብያት፣ ሄጄ ተሳፈርሁ። በሁለተኛው ዓመት መሞቷን ሰማሁ።

ልጅ ነበርሁ አልልህም፤ ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ነበር። ቅናት አሳወረኝም አልልህም፤ ግድግዳዋን ከማንም ይልቅ አጥርቼ ያየሁት እኔ ነኝ። ይቅር ብላኛለች ልልም እችል ነበር፤ ነገር ግን ይቅር ያለችው እኔ ያልሆንሁትን ሰው ነው። እኔ በሠራሁት ኃጢአት የሰገደችው፣ የተናዘዘችው፣ እጇንም የሰበሰበችው ሴት አንጓች ትባላለች። ያን የጠጅ ቤት ግድግዳ አይተህ ስሜን በመልካም ጠርተህ ከሆነ፣ ስሜን ከዚያ አንሣና የእሷን ጥራ።